ሁለት ቤት ያለው ቃል

«ቀስ በይ እንጂ! ገፍተሽ ወንዝ ውስጥ ልትከቺኝ ነው እንዴ?»

«እኔ መች ገፋሁሽ? ቁልቁለቱ ነው የሚገፋን።»

ሁለቱ ሴቶች የቅጥራን በርሜል በወፍራም ዘንግ አንጠልጥለው፣ የዘንጉን ጫፍና ጫፍ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ድልድዩ የሚወስደውን የድንጋይ መንገድ ይወርዳሉ። ከፊት ያለችው የአባ ሥሩ ልጅ ናት። ከኋላ ያለችው ጎረቤቷ፣ ኮርቻ ሰፊዋ ባልቴት ናት። በርሜሉ በተወዛወዘ ቁጥር ቅጥራኑ እየተፈናጠረ ቀሚሳቸውን ያዥጎረጉረዋል፤ ሽታው ዐይን ያስለቅሳል። የመንገዱ ሱቆች ሁሉ ተዘግተዋል። አናጢው ሱቁን ዘግቶ የሳንቃ ቁራጭ በጋሪ ይገፋል፤ ቆዳ ፋቂው ጭድ ተሸክሞ ያልፋል።

«እውነት ባልሽ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በተኛንበት ነበር የምናልቀው» አለች ባልቴቷ እያለከለከች። «ምላሱን ይባርክለት!»

የአባ ሥሩ ልጅ ደስ አላት። ባሏ የምሽጉ አስተርጓሚ ነው። ወታደሮቹ «ሁለት ምላስ» ይሉታል፤ ሁለት ቋንቋ ስለሚናገር ነው እያሉ ይስቃሉ፣ እሱ ግን ቅጽሉን አይወደውም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ያ ቅጽል በከተማው ሁሉ እንደ ሹመት ይጠራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ላይ አንድ የውጭ አገር ሰው በላብ በተጠመቀች በቅሎ ድልድዩን ተሻግሮ መጣና ምሽጉ በር ላይ ወደቀ። ሰውነቱ በትኩሳት ይፋጃል። ኮርቻው ላይ ረጅም የብረት ሰንሰለትና በሦስት እግር የሚቆም መነጽር ታስሯል። በእንግሊዝኛ ጥቂት ቃላት ተናገረና ራሱን ሳተ። አስተርጓሚው የሰማውን ለምሽጉ አዛዥ ለሻለቃው ተረጎመለት፦ «የእኔ ሠራዊት ከመጨለሙ በፊት ድልድዩ ጋ ይደርሳል። ብዙ ናቸው። ክፈቱ።»

ከወንዙ ማዶ ጦርነት ከተጀመረ ሰንብቷል። የጠላት ጦር የውጭ አገር መኮንኖች ቀጥሯል የሚል ወሬ አለ። የቴሌግራሙ ሽቦ ተቆርጧል። ስለዚህ ሻለቃው ሁለት ጊዜ አላሰበም። በሽተኛውን እጁን አስሮ ምሽጉ ውስጥ አስተኛውና፣ ደወል አስደወለ። ወንዙ ሞልቷል፤ መሻገሪያው ያ የእንጨት ድልድይ ብቻ ነው። ድልድዩ በቅጥራንና በጭድ ተለብጦ ይቆያል፤ የጠላት ጦር ግንባሩ ሳንቃውን ሲረግጥ ይነዳል።

ሴቶቹ በርሜሉን ድልድዩ አፍ ላይ አወረዱት። ሻለቃው እዚያው ቆሟል። ቀጭን፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ነው፤ ጥርሱን ስለሚያመው ሁልጊዜ ቅርንፉድ ያኝካል። የርቀት መነጽሩን ማዶ አነጣጥሮ «መወልወያ ያስፈልጋል» አለ ሳይዞር። «ያላችሁን አሮጌ መጥረጊያ ሁሉ አምጡ።»

የአባ ሥሩ ልጅ መጥረጊያ ልታመጣ ወደ ቤት ሮጠች።

*

ቤቱ የአባቷ ነው። አባቷ ሙሉ ዕድሜያቸውን በአንድ ሥራ ላይ የፈጁ ሰው ናቸው፤ የቃላትን የዘር ሐረግ ይቆጥራሉ። ሌላው ሰው የራሱን ዘር እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጥረው፣ እሳቸው አንድን ቃል ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እየወጡ መነሻው ድረስ ይከተሉታል። ሰው ምንም ሲናገር «ሥሩ ምንድን ነው?» ማለት ስለሚወዱ «አባ ሥሩ» ተብለው ቀሩ። ቅጽሉን ያወጣላቸው ግሮሰሪ ውስጥ የሚውል ቀልደኛ ነው፤ እሳቸው ግን ኮሩበት።

ልጅቷ ስትገባ ባሏ ወጥ ቤት ቆሞ ዳቦ እየጎረሰ ሸሚዙን ይቀይራል። አባቷ በመስኮቱ ሥር፣ በጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ ሽታ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ቅጥራን ነው አባባ። ድልድዩን እየቀባን እኮ ነው። ደወሉን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። የቀብር መስሎኝ ነው።»

«የማን ቀብር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የኔ አለመሆኑን ብቻ ነው ያረጋገጥኩት።»

ባሏ ዳቦውን ውጦ ወደ ክፍሉ ብቅ አለ። «ጦር እየመጣ ነው አባባ። ጠዋት የመጣው መኮንን ነው የነገረን። ሠራዊቴ ከመጨለሙ በፊት ይደርሳል፣ ክፈቱ አለን።»

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ።»

ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቃሉን ንገረኝ። አንተ ያልከውን አይደለም፤ እሱ ያለውን።»

«ሆስት ነው ያለው።»

«ሆስት። ሌላስ?»

«ሆስት አለ፤ ድልድይ አለ፤ ብዙ አለ፤ ከመጨለሙ በፊት አለ፤ ክፈቱ አለ። እየቃዠ ነበር፤ ከዚያ ዐይኑን ገለበጠ።»

«ሆስት ሠራዊት ነው ያለህ ማን ነው?»

አስተርጓሚው ሳቀ። «እንዴ አባባ! በሃይማኖት ትምህርት ቤት ስንት ዓመት የተገረፍኩበት ቃል እኮ ነው። በድሮ የጸሎት መጽሐፍ፣ በነገሥታቱ ታሪክ፣ የት ገጽ ላይ የለም? የንጉሡ ሆስት ወጣ፣ የንጉሡ ሆስት ሰፈረ።»

«ልክ ነህ። መጽሐፍ ውስጥ ሠራዊት ነው» አሉ አባ ሥሩ። ከወንበራቸው ሊነሱ ሞከሩና ዳሌያቸው እምቢ ሲላቸው መልሰው ተቀመጡ። «ግን ልጄ፣ ያ ቃል ሁለት ቤት አለው።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ሰውየው አንዴ ከጀመሩ እስከ ማታ እንደማያቆሙ ሁለቱም ያውቃሉ። ዛሬ ግን ድምፃቸው ሌላ ነበር። መጽሐፍ አልገለጡም፤ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ መንገድ እያስኬዱ ተናገሩ።

«አንደኛው ቤት ያንተ ነው። እንግሊዞች ከድሮ ፈረንሳይኛ ወሰዱት፤ እዚያ ኦስት ይባል ነበር፣ ሠራዊት። ፈረንሳዮቹ ከላቲን አመጡት፤ እዚያ ደግሞ ሆስቲስ ነው፣ ጠላት። ይሄ ቤት አርጅቷል። ዛሬ ማንም እንግሊዝ ገበያ ወጥቶ ‹ሆስት አየሁ› ብሎ ጦር ማለቱ አይደለም፤ መጽሐፍ ውስጥ የቀረ ቃል ነው። ሁለተኛውም ቤት በዚያው በፈረንሳይኛ በኩል ነው የመጣው፤ ኦስተ ይባል ነበር። የሱ አባት ግን በላቲን ሆስፔስ ነው። ቤቱን ከፍቶ እንግዳ የሚቀበል፣ የሚያሳድር ሰው። እንግሊዞች ሁለቱንም ወስደው በአንድ ድምፅ ጠሯቸው። ይሄኛው ዛሬም በየአፉ አለ።»

አስተርጓሚው የሸሚዙን ቁልፍ ይዞ ቀረ። «አሳዳሪ?»

«አሳዳሪ። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትም ቢሆን። እስቲ አስታውስ፤ ከቃሉ በፊት ምን አለ?»

«ማይ አለ። ማይ ሆስት። ‹የእኔ ሠራዊት› ነው ያለው ብዬ ነው እኮ። ለዚህ ነው ሻለቃው መኮንን ነው ብሎ ያሰረው።»

«የእኔ ሠራዊት» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «ወይስ ያሳደረኝ ሰው?»

ከውጭ የጋሪ ጎማ ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች አሁንም ጭድ እያመላለሱ ነው።

«እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ልጅቷ። «ከተማ እጅ እንዲሰጥ የሚጠይቅ መኮንን ያለ ነጋሪት፣ ያለ ባንዲራ፣ ብቻውን በበቅሎ ይመጣል? የጦር መኮንን ቢሆን ያን ሁሉ ሰንሰለት ምን ያደርግለታል? ሰንሰለት እኮ የመንገድ ቀያሽ ነው። ያን ጊዜ የላይኛውን መንገድ ሲሠሩ አይተን የለ?»

ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ማዶ፣ ከኮረብታው ጀርባ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ አለ» አለ እንደ ለራሱ። «ሰው እየሸሸ የተጠጋው እዚያ ነው ይባል ነበር።»

«እንግዲያው ባለቤትየው ሰዉን ይዞ እየመጣ ይሆናል!» አለች ሚስቱ።

«ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ሄጄ ‹ተሳስቻለሁ› ብለው ሻለቃው ይሰቅለኛል። ሄጄ ሳልሳሳት ‹ተሳስቻለሁ› ብለው ደግሞ ከተማው ይቃጠላል።»

«ዝም ብትልስ?»

ቀና ብሎ አያት። ከተጋቡ ጀምሮ ሲከራከሩ የሚያሸንፈው እሱ ነው፤ ንግግር ሥራው ነዋ። አሁን ግን የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ ቆለፈ።

«ተነሳ» አለችው። «አባባም ተነሱ።»

«በዚህ ዳሌ?»

«በጋሪ።»

*

የአናጢውን ጋሪ ተውሰው ሽማግሌውን ጫኗቸው። አስተርጓሚው ከፊት ይስባል፣ ሚስቱ ከኋላ ትገፋለች፤ አባ ሥሩ እንደ ጎመን ከረጢት መሀል ተቀምጠው የጋሪውን ግራና ቀኝ አንቀው ይዘዋል። ድንጋዩ ባንገጫገጫቸው ቁጥር «ኧረ ቀስ!» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ፍጠኑ እንጂ!» ይላሉ።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ ቡናማ አቧራ እንደ ግድግዳ ቆሞ አዩ። ሰው ነው። ብዙ ሰው። ወደ ድልድዩ እየመጣ ነው።

ድልድዩ አፍ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ተሰልፈዋል። ሻለቃው ጋሪውን አየና ቅርንፉዱን ተፋ።

«ሁለት ምላስ! የት ጠፍተህ ነው? ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

አስተርጓሚው የጋሪውን እጀታ ለቀቀና ቀጥ ብሎ ቆመ። «ጌታዬ፣ ጠዋት ሠራዊት ያልኩት ቃል ሌላ ትርጉምም አለው። እንግዳ ተቀባይ ማለት ይሆናል። የሚመጡት ስደተኞች ሊሆኑ ይችላሉ።»

ሻለቃው ተጠጋው። «ጠዋት ሠራዊት ነው አልክ። ከሰዓት እንግዳ ተቀባይ ነው ትላለህ። ማታ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው? ሙሽራ ነው?»

አንዳንድ ወታደሮች ሳቁ። አባ ሥሩ ከጋሪው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም ጌታዬ። ቃሉ ነው አሳች።» ከዚያ ቤት ውስጥ ያሉትን አሳጥረው ነገሩት፤ ፈረንሳይኛውን፣ ላቲኑን፣ ጠላትና አሳዳሪ የሚሉትን ሁለት አባቶች።

«አባት፣ መድፍ ፊት ትምህርት ቤት ሊከፍቱብኝ ነው?»

«ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ። ከላቲንም በፊት ማንም ያልጻፈው አንድ ቋንቋ ነበር። ልጆቹን አይቶ የአባታቸውን መልክ እንደሚገምት ሰው፣ ሊቃውንት ከልጅ ቋንቋዎቹ ተነስተው ገምተውታል። እዚያ ጠላቱና አሳዳሪው ገና አልተለያዩም። ጎስቲስ ነው ይላሉ፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ ያልታወቀ ሰው። ከዚያ ዘሩ ተበተነ። ወደ ሰሜን የሄደው እንግሊዞች ዛሬ ገስት የሚሉት ሆነ፤ እንግዳ። ላቲኖቹ ጋ የደረሰው መጀመሪያ ባዕድ ነበር፤ ኋላ ጠላት ሆነ። አሳዳሪም ከዚያው ሥር ነው የበቀለው።»

«ሁሉም አንድ ከሆነ ምን ረዱኝ ታዲያ? ጠላት ነው ወይስ እንግዳ?»

«ያንን ቃሉ አይነግረንም» አሉ ሽማግሌው። «ሕያው ሰው በትኩሳት ሲቃዥ የመጽሐፍ ቋንቋ አያወራም፤ ስለዚህ እኔ አሳዳሪ ነው እላለሁ። እርግጠኛ ነኝ ግን አልልም። እኛስ ብንሆን? ‹እንግዳ ነገር› ስንል እንጠራጠራለን፤ ‹እንግዳ መጣ› ስንል ወንበር እናቀርባለን። ሄዶ ማየት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።»

ሻለቃው መነጽሩን አንስቶ ማዶ አየ። አቧራው ወፍሯል፤ ፀሐይዋ ደግሞ ከፊት ለፊት ዐይን ትወጋለች። በሽተኛው አልነቃም፤ ከምሽጉ የተላከ ወታደር «አሁንም ራሱን አያውቅም» ብሎ ተመልሷል።

«ከኋላዬ አንድ ሙሉ ከተማ አለ» አለ ሻለቃው ቀስ ብሎ፤ ያኔ ነው ሰውየው ራሱም እንደፈራ የአባ ሥሩ ልጅ ያወቀችው። «በአንድ ቃል ላስረክበው?»

«እኔ ልሂድ» አለ አስተርጓሚው።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ቃሉ በኔ አፍ ነው የወጣው። ሄጄ ልያቸው።»

«ጦር ከሆኑ?»

«ጦር ከሆኑ ምልክት አላሳይም። ድልድዩን ያነዱታል።»

«አንተ እዚያው ትቀራለህ።»

«አዎ ጌታዬ።»

ሻለቃው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዶች ከሆኑ ነጭ ነገር ከፍ አድርገህ አሳይ። የመጀመሪያው ጋሪ ሳንቃውን ሊረግጥ እስኪል ድረስ እጠብቃለሁ። ነጭ ካላየሁ አነዳለሁ።»

ሚስቱ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታችና እጁ ላይ አስያዘችው። ብዙ የምትለው ነገር ነበር፤ የወጣላት ግን ይሄ ብቻ ነው፦ «እዚያ ደርሰህ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳትተረጉም።»

«አልተረጉምም። አያለሁ ብቻ» አላት። ሻሹን ክንዱ ላይ ጠመጠመና ሳንቃው ላይ ወጣ።

*

ድልድዩ ላይ ሲሄድ የጫማው ሶል ቅጥራኑ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግረው ነበር። መሀል ሲደርስ ግራ ጫማው ጨርሶ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ሳበው፣ እምቢ አለ፤ ትቶት በአንድ ጫማ እያነከሰ ሄደ። ከወታደሮቹ መሀል ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ማዶ ደረሰ፣ ትንሽ ታየ፣ ከዚያ አቧራው ዋጠው።

የአባ ሥሩ ልጅ የጋሪውን ጠርዝ ጨብጣ ቆመች። የአባቷ እጅ መጥቶ እጇ ላይ አረፈ። ሥርም ቅርንጫፍም አልቆጠሩም።

አቧራው እየቀረበ መጣ። የጎማ ሲጥሲጥታ፣ የእንስሳት ድምፅ ይሰማ ጀመር። ከዚያ አቧራው ውስጥ አንድ ረጅም፣ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት ወደ ፊት አፈሙዙን ቀስሮ ብቅ አለ።

«መድፍ!» አለ መቶ አለቃው። «ጌታዬ፣ መድፍ ነው! በጋሪ ጭነውታል!»

ሻለቃው መነጽሩን አላወረደም። «ነጭ የሚታየው አለ?»

ወታደሮቹ ዐይናቸውን በእጃቸው ከልለው ማዶ አዩ።

«ችቦ ይቅረብ» አለ ሻለቃው። ችቦ የያዙት ወታደሮች ወደ ድልድዩ ጠርዝ ተጠጉ። ጋሪው ከሳንቃው የቀረው ጥቂት ነው። ሻለቃው ቀኝ እጁን አነሳ።

የአባ ሥሩ ልጅ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ ብቻ ራሷን ድልድዩ ላይ፣ በችቦዎቹና በጭዱ መካከል አገኘችው።

«ጌታዬ ትንሽ! ሳንቃውን ሲረግጡ ነው እኮ ያሉት! ገና አልረገጡም!»

«ውጪ ከዚያ!»

«አልወጣም። እንዳሉት ይጠብቁ። ቃልዎ ነው።»

የሻለቃው እጅ አየር ላይ ቀረ። መቶ አለቃው ሊጎትታት አንድ እርምጃ ሄደ። በዚያች ቅጽበት ከወንዙ ነፋስ ነፈሰና አቧራውን ወደ ጎን ጠረገው።

የብረቱ አፈሙዝ ጫፍ ላይ ነጭ ሻሽ ታስሮ ይውለበለባል።

መድፍ አልነበረም። የምድጃ ጭስ ማውጫ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ወጥ ቤት የተነቀለ ረጅም ቆርቆሮ፣ በፍራሽና በድስት ክምር ላይ በገመድ የታሰረ። አስተርጓሚው ክምሩ አናት ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፤ አንድ እግሩ ባዶ ነው፣ ሁለቱንም እጁን ያወዛውዛል፣ ይጮኻል። ምን እንደሚል አይሰማም። ከጋሪው ኋላ ደግሞ ሴቶች፣ ልጆች፣ በቃሬዛ የተያዙ በሽተኞች፣ ፍየሎች፣ ወንበር በራሱ የተሸከመ ሰው፤ ሜዳውን ሞልተው ይመጣሉ።

ሻለቃው እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ። ሲያወርደው ይጠነቀቅ ነበር፤ በፍጥነት ካወረደው ትእዛዝ ይመስላል።

«ችቦውን ወንዝ ውስጥ» አለ። «ሁሉንም! አሁኑኑ! ከዚያ አሸዋ አምጡ። ሳንቃው ላይ አሸዋ በትኑ፣ ጎማው እንዳይጣበቅ። ምን ታፈጣላችሁ? እንግዳ መጥቷል እኮ!»

ችቦዎቹ ውሃው ውስጥ እየገቡ «ችስ!» አሉ። የአባ ሥሩ ልጅ ድልድዩ ላይ ቁጭ አለች፤ ቀሚሷ ከሳንቃው ጋር ተጣበቀ፤ ግድ አልሰጣትም።

*

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በርሜል የሚያክል ሆድ ያለው፣ ሽርጡን እንኳን ሳያወልቅ የመጣ ሰው ነበር። አንዲት ዐይነ ስውር አሮጊት ክንድ ይዞ ተሻገረና፣ ገና ሳያርፍ «ቀያሹ ደረሰ?» አለ። «በኔ ቤት ታሞ ተኝቶ ሰነበተ። ጦሩ በኛ በኩል ሲያልፍ ጣሪያችንን አቃጠለው። ይህን ሁሉ ሰው ይዘን ብንሄድ ማን በር ይከፍትልናል ስንል፣ እኔ ቀድሜ ልንገራቸው ብሎ ሌሊቱን በቅሎዋን ወሰደ። አትሂድ፣ ትሞታለህ አልኩት። አይሰማም!»

«ጦሩ አሁን የት ነው?» አለ ሻለቃው።

«ወደ ላይኛው አገር ዞሯል። ከዚህ ወንዝ ምንም አልፈለገም፤ ጀርባውን ሰጥቶን ነው የሄደው።»

ሻለቃው አንገትጌውን ፈታ። ከምሽጉ የሐኪሙ ረዳት ሲመጣ «የሰውየውን እጅ ፍቱ» ብሎ ላከው። ረዳቱም ተመልሶ ሲመጣ በሽተኛው አልቦት፣ ትኩሳቱ በርዶ፣ ውሃ መጠየቁን ነገራቸው። ይህን ሲሰማ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እንደ ልጅ አለቀሰ። ወዲያው ደግሞ ሾርባ የሚሠራበት ቦታ ጠየቀ።

አስተርጓሚው ከጋሪው ወርዶ ሻለቃው ፊት ቆመ። ፊቱ አቧራ ብቻ ነው።

«ነገ ጠዋት ትመጣለህ» አለው ሻለቃው።

«ልትሰቅሉኝ ነው ጌታዬ?»

«ልትተረጉም ነው። ሰውየው ሲነቃ ይቅርታ የምለው በማን አፍ ነው?» ዞር ብሎ ጋሪው ላይ ያሉትን ሽማግሌ አየ። «አማትህንም ይዘህ ና። ስለ ይቅርታ ሥር የሚሉት ነገር አይጠፋም።»

«አይጠፋም!» አሉ አባ ሥሩ ከሩቁ። «አንድ ሙሉ ጠዋት ይፈጃል!»

«እንግዲያው ቁርስ በልታችሁ ኑ» አለ ሻለቃው፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን ረስቶ ሳቀ።

*

ስደተኞቹ በየቤቱ ተከፋፈሉ። የአባ ሥሩ ቤት መተላለፊያው እንኳን ሰው ተኝቶበታል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይችል ወጥ ቤቱን ተረከበ፤ «በዚህ ምድጃ እንዴት ነው ሰው የሚኖረው?» እያለ ይማረራል። አባ ሥሩ ዐይነ ስውሯ አሮጊት አጠገብ ተቀምጠው፣ የማዶ ሰዎች ለማንኪያ ያላቸውን ስም ይጠይቋቸዋል። አሮጊቷ ተራ በተራ ይነግሯቸዋል፤ መሀል ላይ ግን «እርስዎ ግን ማንኪያ አይተው አያውቁም እንዴ?» አሏቸው፤ በሩ ድረስ የተኛው ሰው ሳቀ።

የአባ ሥሩ ልጅ ባሏን ስትፈልገው በጓሮ በኩል፣ ደረጃው ላይ አገኘችው። ሰማዩ ገና አልጠቆረም። አንዲት ትንሽ ልጅ ደረቱ ላይ ተኝታለች፤ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች።

«ማን ናት?»

«አላውቅም። መጥታ ተቀመጠችብኝ፤ ከዚያ ተኛች። ጣቷ ሸሚዜን ይዟል፤ መነሳት አልቻልኩም።»

«እናቷ ትፈልጋታለች።»

«ነግሬአታለሁ። ‹ይዘህልኝ ቆይ፣ እኔም ላንድ አፍታ ልተኛ› አለችኝ።»

አጠገቡ ተቀመጠች። ከውስጥ የድስት ድምፅ፣ የሰው ሳል፣ የፍየል ጩኸት ይሰማል። መንጋጋዋን እንደሚያማት አሁን ገና ታወቃት፤ ከቀትር ጀምሮ ጥርሷን ነክሳ ነው የዋለችው። አፏን ከፈተችና ረጅም፣ መንጋጋዋን የሚያንቋቋ ማዛጋት አዛጋች። ባሏ አያትና እሱም አዛጋ። ደረቱ ላይ ያለችው ልጅ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍታ፣ ከሁለቱም አስበልጣ አዛጋችና እንቅልፏን ቀጠለች።